ቅጠል፦ በረሃብና በጥማት መካከል

አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቆማችሁ ሽቅብ ስትመለከቱ፣ ይህ ሁሉ ግንድና ቅርንጫፍ ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኛው ሰው «ከአፈር ነዋ!» ብሎ ይመልሳል። መልሱ የሚያሳፍር አይደለም፤ ሊቃውንቱም ለብዙ መቶ ዓመታት ያመኑት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ዛፍ ግዝፈቱን ያገኘው ከአፈር ቢሆን ኖሮ፣ በየዛፉ ሥር ዛፉን የሚያህል ጉድጓድ ባየን ነበር።

ጉድጓዱ እንደሌለ በሚዛን ያረጋገጠው ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት የተባለ የብራስልስ ተወላጅ ሐኪም ነው። 90 ኪሎ ግራም ገደማ የደረቀ አፈር መዝኖ በትልቅ ገንቦ ውስጥ ጨመረና ከ2 ኪሎ ግራም ትንሽ የምትበልጥ የአኻያ ችግኝ ተከለበት። ከዚያ ወዲያ 5 ዓመት ሙሉ ከውሃ በቀር ምንም አልሰጣትም። በመጨረሻ ነቅሎ ሲመዝናት 77 ኪሎ ግራም ገደማ ሆና አገኛት። አፈሩንም እንደገና አድርቆ መዘነው፤ የጎደለው 60 ግራም እንኳ አይሞላም። ውጤቱ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1648 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቫን ሄልሞንት ከዚህ ተነሥቶ ዛፍ የተሠራው ከውሃ ብቻ ነው ብሎ ደመደመ።

ሚዛኑ አልዋሸም፤ ድምዳሜው ግን ዋናውን ነገር ሳተ። በገንቦው ውስጥ ያለውን ሁሉ የመዘነው ሰው በገንቦው ዙሪያ ያለውን አየር ከቁጥር አላስገባውም። የሚያስገርመው ደግሞ «ጋዝ» የሚለውን ቃል ለዓለም የሰጠው ይኸው ሰው መሆኑ ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣውን፣ ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለውን ጋዝ፣ ለይቶ ያውቀው ነበር። መልሱ ከእጁ ሳይርቅ አመለጠው።

የደረቀ እንጨት ብትመዝኑ ከክብደቱ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ካርቦን ነው፤ ኦክስጅኑም ከዚያ ብዙ አያንስም። ሁለቱም የመጡት ከአየር፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ውሃ ያዋጣው ሃይድሮጅኑን ሲሆን፣ እሱም በክብደት ከመቶ 6 እጅ ገደማ ነው። አፈር የሚሰጠው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም፣ ማግኒዥየምና የመሳሰሉትን ነው፤ የሁሉም ድርሻ ተደምሮ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ማዳበሪያን «የተክል ምግብ» ማለት ልማድ ሆኖ ነው እንጂ ትክክል አይደለም። ማዳበሪያ ያለ እሱ የማይሆን ግብዓት ነው፤ ጉልበት የሚሆነውን ምግብ ግን ተክሉ ራሱ ይሠራዋል። ግንድ ማለት የጠጠረ አየር ነው ብል ብዙም ማጋነን አይሆንብኝም።

ይህ ሥራ በመማሪያ መጻሕፍት «ብርሃን አስተጻምሮ» ይባላል፤ በብርሃን አማካይነት ማጣመር እንደ ማለት ነው። በየቦታው የሚነገረው ፎቶሲንተሲስ ስለሆነ እኔም በእሱ እቀጥላለሁ። ተማሪ ሳለሁ የሰጡን ቀመር አጭር ነበር፦ 6 የካርቦን ዳይኦክሳይድና 6 የውሃ ሞለኪውሎች በብርሃን ኃይል ተጣምረው 1 የግሉኮስ ስኳርና 6 የኦክስጅን ሞለኪውሎች ይሰጣሉ። ሸምድጄው ፈተናውን አለፍኩ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቀመሩ ምን ገብቶ ምን እንደሚወጣ ይናገራል እንጂ፣ ቅጠሉ በምን ጭንቅ ውስጥ ሆኖ እንደሚሠራ አይናገርም።

ጭንቁ ይህ ነው። ከአየር 10,000 ሞለኪውሎች መካከል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሆኑት 4 ገደማ ብቻ ናቸው። እነዚህን ለመልቀም ቅጠል በሩን መክፈት አለበት። በሩን በከፈተ ቁጥር ደግሞ በውስጡ ያለው እርጥበት ተኖ ይወጣል። ዘግቶ ቢቀመጥ ይራባል፤ ከፍቶ ቢውል ይጠማል። የቅጠል ቅርጽ፣ የህዋሳቱ አደራደር፣ የላዩ ሰም፣ ሁሉም በዚህ ረሃብና ጥማት መካከል የተገኘ ማስታረቂያ ነው።

እስቲ አንድ ቅጠል ቅጠፉና ገልብጡት። ጀርባው ከፊቱ ፈዘዝ ያለ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

የአብዛኛው ቅጠል ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። በዚህች ስስ አካል ውስጥ ግን በየፎቁ የተለያየ ሥራ የሚሠራበት ሕንፃ አለ። ጣሪያው ሰም በመሰለ ነገር የተለበጠ ነው፤ የዝናብ ጠብታ በብዙ ቅጠሎች ላይ እየተንከባለለ የሚወርደው ለዚህ ነው። ሰሙ ውሃ እንዳይወጣ ያግዳል፤ ነገር ግን ለካርቦን ዳይኦክሳይድም መንገድ አይሰጥም። ከሰሙ በታች አንድ ረድፍ ጠፍጣፋ ህዋሳት ተነጥፈዋል። አረንጓዴ አይደሉም፤ እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋሉ፤ ሥራቸው ቤቱን መክደን ነው።

ቀጥሎ ያለው ዋናው የሥራ ክፍል ነው። ረዘም ያሉ ህዋሳት እንደ አጥር እንጨት ጎን ለጎን ተጠጋግተው ቆመዋል። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ክሎሮፕላስት የሚባሉ አረንጓዴ እንክብሎች በብዛት ታጭቀዋል። ክሎሮፕላስቶቹ ባሉበት ተቸክለው አይቀሩም፤ ብርሃኑ ደከም ሲል በስፋት ተዘርግተው ይቀበሉታል፤ ፀሐይዋ ስትበረታ ደግሞ ወደ ህዋሱ የጎን ግድግዳ ሸሽተው አንዱ በሌላው ጥላ ይከለላል። ይህን በማይክሮስኮፕ የተመለከተ ሰው ተክል አይንቀሳቀስም የሚለውን አባባል ደግሞ ለመናገር ያመነታል።

ከዚህ በታች ያለው ፎቅ ሲያዩት ዝርክርክ ነው። ህዋሳቱ ወጥ ቅርጽ የላቸውም፤ በመካከላቸው ሰፋፊ ክፍተት አለ፤ ስፖንጅ ይመስላል። ዝርክርክነቱ ግን ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ክፍተቱ አየር የሚዘዋወርበት መተላለፊያ ነው። ለዚህ አየር የተጋለጠው የህዋስ ግድግዳ ሁሉ ቢዘረጋ ከቅጠሉ የውጭ ገጽ ከ10 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ እነዚያን 4 ሞለኪውሎች ለመያዝ ሰፊ መረብ ተጥሏል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ብርሃን ከህዋስ ወደ አየር፣ ከአየርም ወደ ህዋስ ባለፈ ቁጥር አቅጣጫውን ይቀይራል። ከላይኛው ፎቅ ያመለጠ ጨረር እዚህ ወዲያና ወዲህ ሲላጋ ቆይቶ በአንዱ ክሎሮፕላስት ይያዛል። የቅጠሉ ጀርባ የሚፈዝዘውም በዚሁ ነው፤ በአየር የተሞላው ስፖንጅ ብርሃኑን መልሶ ይበትነዋል። የሳሙና አረፋ ነጭ የሚሆንበት ምክንያትም ተመሳሳይ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላቅና። ቅጠል አረንጓዴ ብርሃን ስለማይጠቀም ሁሉንም መልሶ ይተፋዋል ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ግማሽ እውነት ነው። ክሎሮፊል የተባለው አረንጓዴ ቀለም አብልጦ የሚወደው ቀዩንና ሰማያዊውን ነው። ይህን ቴዎዶር ኤንግልማን በ1882 ባደረገው ሙከራ ቁልጭ አድርጎ አሳይቶናል። በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ ቀጭን የአልጌ (በውሃ ውስጥ የሚኖር፣ እንደ ተክል ፎቶሲንተሲስ የሚሠራ ፍጥረት) ክር ዘርግቶ፣ ብርሃንን በፕሪዝም ወደ ቀስተ ደመና ቀለማት ከፍሎ በክሩ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ኦክስጅን ባለበት የሚሰበሰቡ ባክቴሪያዎችን ለቀቀበት። ባክቴሪያዎቹ ቀዩና ሰማያዊው ባረፉበት ቦታ ግጥግጥ ብለው ተሰበሰቡ፤ አረንጓዴው ባረፈበት ሳሱ። ነገር ግን ያ አንድ ስስ ክር ነበር። በሙሉ ቅጠል ውስጥ አረንጓዴው ጨረር ከአንዱ ክሎሮፕላስት ቢያመልጥ በስፖንጁ ውስጥ ሲመላለስ አብዛኛው ይያዛል። ወደ ዓይናችን የሚደርሰው ትራፊው ነው።

ቅጠሉን አሁን ወደ ፀሐይ አንሡት። መረብ የመሰሉት ጅማቶች ጎልተው ይታያሉ። በእያንዳንዱ ጅማት ውስጥ ሁለት ዓይነት ቱቦዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ዛይለም ውሃና ማዕድን ከሥር ያመጣል፣ ፍሎየም የተሠራውን ስኳር ወደ ሥር፣ ወደ ፍሬና ወደ ለጋ ቀንበጥ ያደርሳል።

በሮቹስ? ስቶማታ ይባላሉ፤ ያለ ማይክሮስኮፕ በዓይን ብቻ አይታዩም። በብዙ ተክሎች አብዛኞቹ የሚገኙት በቅጠሉ ጀርባ ነው፤ ፀሐይ በቀጥታ ስለማታገኛቸው ብዙ ውሃ አይተንባቸውም። በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቅጠል ያላቸው ተክሎች ግን ጀርባቸው ውሃ ውስጥ ስለሆነ በሮቻቸውን በፊት በኩል አድርገዋል። በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ 100፣ 200፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በሮች ይቆጠራሉ። እያንዳንዱ በር ሁለት ዘበኛ ህዋሳት አሉት፤ እንደ ሁለት የባቄላ ፍሬዎች ፊት ለፊት የተቀመጡ ናቸው። ፖታሲየም ወደ ውስጣቸው ሲስቡ ውሃ ይከተለዋል፤ ይነፋሉ። በበሩ በኩል ያለው ግድግዳቸው ወፍራም ስለሆነ ሲነፉ ወደ ውጭ ይጎብጣሉ፤ በመካከላቸው ቀዳዳ ይከፈታል። ውሃ ሲያጡ ይሟሽሻሉ፤ በሩም ይዘጋል። መሬቱ ሲደርቅ ደግሞ አብሲሲክ አሲድ የተባለ ሆርሞን ይደርሳቸውና ይዘጋሉ።

ከሥር ተስቦ ከሚወጣው ውሃ ከመቶ 95 እጅ በላይ የሚሆነው በእነዚህ በሮች በኩል ተኖ ይሄዳል። ስኳር ለመሥራት የሚውለው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ላይሞላ ይችላል። አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ለማስገባት ተራው ተክል ጥቂት መቶ የውሃ ሞለኪውሎችን ይከፍላል። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ቅጠል በሞላበት ቅርንጫፍ ላይ ፀሐይ ሳለ የፕላስቲክ ከረጢት አጥልቃችሁ አፉን እሰሩት። ብዙም ሳይቆይ የከረጢቱ ውስጥ በላብ ይሸፈናል።

አሁን ወደ ክሎሮፕላስቱ እንግባ። ርዝመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ አይበልጥም። ከቢሊዮን ዓመታት በፊት ራሱን ችሎ የሚኖር ባክቴሪያ ነበር፤ ዛሬም የራሱ የሆነ ዲኤንኤ አለው። በውስጡ ታይላኮይድ የሚባሉ ስስ ከረጢቶች እንደ ሳንቲም ተደራርበዋል፤ ክሎሮፊሉ ያለው በእነሱ ላይ ነው። የክሎሮፊል ሞለኪውል መሐሉ ላይ አንድ የማግኒዥየም አተም ይዟል። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ክፍልም በአሠራሩ የቅርብ ዘመዱ ሲሆን፣ በማግኒዥየም ፋንታ ብረት አለው። ማግኒዥየም ያጣ ተክል የሚገረጣውም፣ ብረት ያጣ ሰው የሚገረጣውም ከዚህ ብዙ ሳይርቅ ነው።

ብርሃን ክሎሮፊልን ሲመታ አንድ ኤሌክትሮን ኃይል አግኝቶ ተፈናጥሮ ይወጣል። ኤሌክትሮኑ ከተቀባይ ወደ ተቀባይ እየተላለፈ ሲሄድ በያዘው ኃይል ኤቲፒ የተባለው የህዋስ የጉልበት መክፈያ ይሠራል። ክሎሮፊሉ ግን ኤሌክትሮን ጎድሎበታል፤ ከሆነ ቦታ መተካት አለበት። የሚተካው ከውሃ ነው። በታይላኮይዱ ላይ 4 የማንጋኒዝና 1 የካልሲየም አተሞች የያዘች ጥቃቅን መሣሪያ አለች፤ ሁለት የውሃ ሞለኪውሎችን ትሰነጥቅና 4 ኤሌክትሮኖች ታወጣለች። የሚቀረው ኦክስጅን ነው፤ ለተክሉ የሥራው ትራፊ ነውና አብዛኛውን ይለቀዋል። የምንተነፍሰው እሱን ነው።

የሚወጣው ኦክስጅን ከየት ነው የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራክሯል። በ1771 ጆሴፍ ፕሪስትሊ ሻማ ነዶ በጠፋበት የታፈነ አየር ውስጥ የናና ቅርንጫፍ አስቀምጦ፣ ከቀናት በኋላ ሻማ እንደገና ሊነድበት እንደሚችል አየ። በ1779 ያን ኢንገንሃውዝ ይህ የሚሆነው በብርሃን ብቻ፣ ያውም በተክሉ አረንጓዴ ክፍል መሆኑን አሳየ። ለረጅም ጊዜ የተገመተው ተክሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሰንጥቆ ካርቦኑን አስቀርቶ ኦክስጅኑን ይለቃል የሚል ነበር። በ1941 ሳሙኤል ሩበንና ማርቲን ካመን ከባድ ኦክስጅን (አተሙ ከተለመደው የሚከብድ፣ ስለዚህም ተለይቶ የሚታወቅ ኦክስጅን) ያለበት ውሃ ለአልጌ ሰጥተው ተከታተሉት፤ ከባዱ ኦክስጅን በሚወጣው ጋዝ ውስጥ ተገኘ። ኦክስጅኑ የውሃው ነበር።

እስካሁን ስኳር የለም። ያለው ጉልበት ብቻ ነው። ስኳሩ የሚሠራው ታይላኮይዶቹ በተዘፈቁበት ፈሳሽ ውስጥ ነው። መንገዱን ያገኙት ሜልቪን ካልቪንና የሥራ ባልደረቦቹ አንድሩ ቤንሰንና ጄምስ ባሻም ናቸው። ለአልጌ ጨረር አመንጪ ካርቦን ሰጥተው፣ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ትኩስ አልኮል ውስጥ ጨምረው ሥራውን ባለበት ያስቆሙታል፤ ካርቦኑ በየትኛው ውህድ ውስጥ እንደደረሰ ይፈልጋሉ። ጊዜውን እያሳጠሩ ሲሄዱ የመጀመሪያው ማረፊያ ባለ 3 ካርቦን ውህድ ሆኖ ተገኘ። ካልቪን ለዚህ በ1961 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ሽልማቱ ለእሱ ብቻ መሰጠቱ እኔን እስከ ዛሬ ቅር ያሰኘኛል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር የሚይዘው ሩቢስኮ የተባለ ኢንዛይም፣ ማለትም በህዋስ ውስጥ ኬሚካላዊ ሥራን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። በዓለም ላይ እጅግ ከበዙት ፕሮቲኖች አንዱ ነው፤ የሚበዛው ግን ጎበዝ ስለሆነ ሳይሆን ሰነፍ ስለሆነ ነው። ሌሎች ኢንዛይሞች በሴኮንድ መቶና ሺህ ጊዜ ሲሠሩ እሱ 3 ጊዜ ያህል ይሠራል፤ ስለዚህ ቅጠሉ በብዛት እያመረተ ድክመቱን ያካክሳል። ይባስ ብሎ ይሳሳታል። በተራ ቅጠል ውስጥ ከ4 ወይም ከ5 አንዱን ጊዜ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ ኦክስጅን ይይዛል፤ ስሕተቱን ለማረም ጉልበትም ካርቦንም ይባክናል። ሲሞቅ ስሕተቱ ይጨምራል። መውቀስ ግን አይገባም፤ ሩቢስኮ የተፈጠረው በአየር ውስጥ ኦክስጅን ከቁጥር በማይገባበት ዘመን ነው። አየሩን በኦክስጅን የሞላው ራሱ ፎቶሲንተሲስ ነው።

በሙቀትና በድርቅ ጊዜ ጭንቁ እጥፍ ይሆናል። ቅጠሉ ውሃ ለማዳን በሩን ይዘጋል፤ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያልቃል፤ ኦክስጅን ይከማቻል፤ ሩቢስኮ ይሳሳታል። በቆሎ፣ ማሽላና ሸንኮራ አገዳ ለዚህ መላ አላቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በመጀመሪያ በማይሳሳት ሌላ ኢንዛይም ይይዙና፣ በጅማቶቹ ዙሪያ እንደ ቀለበት ወደ ተደረደሩ ህዋሳት ወስደው እዚያ ይለቁታል። በእነዚያ ህዋሳት ውስጥ ሩቢስኮ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተከብቦ ስለሚሠራ የመሳሳት ዕድሉ ይጠባል። በሩን ጠበብ አድርጎ መሥራት ይቻላል ማለት ነው። መላው ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል፤ ስለዚህ በቀዝቃዛ አካባቢ እምብዛም አያዋጣም። ስንዴና ሩዝ ይህ መላ የላቸውም።

ቁልቋልና አናናስ ደግሞ ሌላ ዘዴ ዘይደዋል፤ በራቸውን የሚከፍቱት ሌሊት ነው። ቀዝቀዝ ባለው አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገቡና በአሲድ መልክ አምቀው ያሳድራሉ፤ ሲነጋ በሩን ዘግተው ከአሲዱ እያወጡ በፀሐይ ብርሃን ይሠሩበታል። ቤንጃሚን ሄይን የተባለ ተመራማሪ በ1815 ያስተዋለው ይህንኑ ነው። አንድ ሥጋማ ቅጠል ያለውን ተክል ጠዋት ሲቀምሰው ይኮመጥጠዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ጣዕሙ ይጠፋል። በምላሱ የደረሰበትን ሳይንስ ለማብራራት ከመቶ ዓመት በላይ ወስዷል።

ሌሎቹ ተክሎችም ሌሊት ምን እንደሚያደርጉ ማውራት ያስፈልጋል፤ እነሱም ይተነፍሳሉና። ኦክስጅን አስገብተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስወጣታቸው ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም፤ ቀን ግን ፎቶሲንተሲሱ ስለሚበልጥ አይታወቅም። አንዳንዶች በዚህ ሰግተው ተክል ከመኝታ ክፍል ያስወጣሉ። አብሯቸው የሚተኛው ሰው ከአንድ ማሰሮ ተክል እጅግ የበለጠ ኦክስጅን እንደሚወስድ ግን አያስቡም።

የሌሊቱ ስንቅ የሚዘጋጀው ቀን ነው። ቅጠሉ ከሠራው ስኳር ከፊሉን በስታርች መልክ እዚያው ክሎሮፕላስት ውስጥ ያከማቻል። ከቅጠል ግማሹን በጥቁር ወረቀት ሸፍናችሁ አንድ ሁለት ቀን ብታቆዩት፣ ከዚያ በፍል ውሃ ውስጥ በተቀመጠ አልኮል (በእሳት ላይ በቀጥታ አይደለም፤ አልኮል ይቀጣጠላል) አረንጓዴውን ቀለም አስለቅቃችሁ አዮዲን ብታፈሱበት፣ ብርሃን ያገኘው ግማሽ ወደ ጥቁር ያዘነበለ ሰማያዊ ይሆናል፤ የተሸፈነው እንደነጣ ይቀራል። ልዩነቱ ስታርቹ ነው።

ጨለማ ሲሆን ቅጠሉ ይህን ስታርች እየቆረሰ ወደ ስኳር ይለውጣል። አቆራረሱ ደግሞ በስሌት ነው። በላቦራቶሪ ብዙ በተጠናው አራቢዶፕሲስ በተባለ ትንሽ ተክል እንደታየው፣ ስንቁ ንጋት ላይ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እንዲደርስ ሆኖ ነው የሚከፋፈለው። መብራቱን ከወትሮው ቀደም ብለው ቢያጠፉበት እንኳ፣ ሌሊቱ ረጅም መሆኑን አውቆ የዕለቱን ቁራሽ ያሳንሳል። ሲነጋ የመጀመሪያው ሰማያዊ ብርሃን ዘበኛ ህዋሳቱን ይነካቸዋል፤ ፖታሲየም ይስባሉ፣ ይነፋሉ፣ በሮቹ ይከፈታሉ። አየሩ መግባት፣ ውሃውም መውጣት ይጀምራል።